ሁለተኛው አልሐምዱሊላህ

ለአምባ ሰማይ ዩኒቨርሲቲ
ዋና ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት

ቀን፦ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.
አመልካች፦ ቶይባ አደም፣ የቀድሞ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ
አድራሻ፦ ሙስካት፣ ዑማን

ጉዳዩ፦ «ስለ ጤናዋ የሐሰት መረጃ ሰጥታለች» በሚል የታገደው የዳግም ቅበላ ጥያቄዬ እንደገና እንዲታይልኝ ስለማመልከት

ክቡር ሬጅስትራር፦

1. ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት፣ ይህን አቤቱታ የማቀርበው ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ በነሐሴ ወር በኢሜይል በላከልኝ ውሳኔ ላይ ነው። አቤት የሚል ሰው ዘወትር «ተበደልኩ» ብሎ ይጀምራል። እኔም ተበድያለሁ፤ ነገር ግን በድያለሁም። አንዱን ጽፌ ሌላውን ብተወው ደብዳቤዬ ያምር ነበር። ሆኖም ወደዚህ ጣጣ ያመጣኝ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መዋጥ ስለሆነ፣ በዚህ ወረቀት ላይ እንኳ ሁለቱንም አቀርባለሁ።

2. በዩኒቨርሲቲዎ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. በቤተ ሙከራ ውስጥ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ሐኪሞች የሚጥል በሽታ መሆኑን ነገሩኝና ኪኒን ጀመርኩ። ለትምህርት ክፍሉ አሳውቄ፣ በሕመም ለሚያቋርጥ ተማሪ የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሜ፣ የመኝታ ክፍሌን ቁልፍ አስረክቤ ከግቢ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እናቴ ቤት ቆይቼ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ወደ ዑማን መጣሁ። እስከ ዛሬም መዲናት ሱልጣን ቃቡስ በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። የሥራ ውሌ በመጪው መስከረም ያልቃል። መመሪያው በሕመም ላቋረጠ ተማሪ የሚሰጠው የመመለሻ ጊዜም የሚያበቃው በዚሁ መስከረም ነው። ሁለቱ መግጠማቸውን ለበጎ ቆጥሬው በሰኔ ወር የዳግም ቅበላ ማመልከቻዬን ላክሁ።

3. የጽሕፈት ቤትዎ ውሳኔ ሦስት ነገር ይላል። አመልካቿ «ሙሉ በሙሉ መዳኗን በስልክ አረጋግጣ ሳለ» ከሙስካት የላከችው የሐኪም ማስረጃ ሕመሙ የዕድሜ ልክ መሆኑን ስለሚገልጽ የሐሰት መረጃ ሰጥታለች ይላል። «ድናለች» የሚል ማስረጃ እስክታቀርብ ድረስ ጥያቄዋ ታግዷል ይላል። በመጨረሻም ስለ ትክክለኛው የጤና ሁኔታዋ በተጠሪነት ከተመዘገቡት ከወላጅ እናቷ በስልክ ይጣራል ይላል። ከሦስቱ ያስፈራኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ አስረዳለሁ።

4. የስልኩ ነገር እንዲህ ነው። በሐምሌ ወር አቶ ፍሬው የተባሉ የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረባ በዋትሳፕ ደወሉልኝ። የአሠሪዬ ቤት ጣሪያ ላይ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥን። «እንዴት ዋሉ?» ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉኝ፤ ነገር ግን ጉንፋን ይዟቸው በየቃሉ መሐል ይስሉ ነበር። ይህን የማነሣው እሳቸውን ለመክሰስ አይደለም፤ ለነገሬ ስለሚጠቅመኝ ነው። ቀጥለው «ጤናዎስ እንዴት ነው?» አሉኝ። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

ክቡር ሆይ፣ ያደግሁት ወሎ ነው። እኛ ዘንድ ጤናውን የተጠየቀ ሰው መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። እግሩ የተሰበረውም፣ ከብቱ ያለቀበትም፣ ትናንት ልጁን የቀበረውም እንዲሁ ይላል። ይህ ለፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና እንጂ ለጠያቂው የሚሰጥ ሪፖርት አይደለም። ሰውየው በእርግጥ እንዴት እንዳለ ማወቅ የፈለገ ትንሽ ቆይቶ «እህ፣ በደህና ነው?» ብሎ ሁለተኛ ይጠይቃል። መልሱ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። እናቴ ይህን «የመጀመሪያው የአላህ ነው፣ ሁለተኛው የሰው ነው» ይሉታል። ሩዊ በሚባለው የሙስካት ሰፈር ቢሮ በማጽዳት የምትተዳደር ውብነሽ የምትባል ክርስቲያን ጓደኛ አለችኝ፤ ዓርብ ዓርብ ዕረፍቴን የማሳልፈው እሷ ዘንድ ነው፣ ይህንንም የምጽፈው አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ነው። የውሳኔውን ደብዳቤ ሳነብላት ሳቀችና «እኛስ ምን ለየን? እኛ ሰፈር ሬሳ ቢጠየቅ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ይላል» አለችኝ።

ስለሆነም የመጀመሪያው «አልሐምዱሊላህ» የመዳን ማረጋገጫ ተደርጎ ሊቆጠርብኝ አይገባም ነበር። አቶ ፍሬውን «እግዚአብሔር ይመስገን» ስላሉ ጉንፋን የለባቸውም ብዬ አልመዘገብኩባቸውም። እስከዚህ ድረስ ተበዳይዋ እኔ ነኝ።

5. ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን ማንም አያውቅብኝም፤ በራሴ ላይ የምመሰክረው እኔው ነኝ። አቶ ፍሬው ጨዋ ሰው ናቸውና ሁለተኛ ጠየቁኝ። «ድነዋል ማለት ነው?» አሉኝ።

እንደገና «አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

«ጥሩ» አሉና መጻፍ ጀመሩ፤ የኮምፒውተራቸው ቁልፎች ሲንኳኩ ይሰማኝ ነበር። ያ ድምፅ እስኪያቆም ድረስ «ይቅርታ አቶ ፍሬው፣ ኪኒን ላይ ነኝ እንጂ አልዳንኩም» ለማለት በቂ ጊዜ ነበረኝ። እኔ ግን አንሶላውን ማስጣቴን ቀጠልኩ። «አልዳንኩም» ካልኩ የሚዘጋው በር ታይቶኝ ነበር። በሕግ ፊት ይህ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አላውቅም፤ እኔ ውሸት እለዋለሁ። ለሰው ልሰጠው የሚገባኝን መልስ በአላህ ምስጋና ሸፈንኩት። ተራ ውሸት ብዋሽ ኖሮ ይሻለኝ ነበር እላለሁ፤ ቢያንስ የአላህን ስም አላስገባበትም ነበር።

ለራሴ የምከራከርበት አንድ ነገር ቢኖር የሐኪሙ ማስረጃ ነው። በውሸቴ ልቀጥል ብፈልግ ኖሮ ያንን ወረቀት አልልክም ነበር። በትርጉም ቢሮ አስተርጉሜ፣ ማኅተም አስደርጌ የላክሁት እኔ ነኝ። አፌ ያልቻለውን ወረቀቱ ይናገርልኝ ብዬ ነው። ወረቀቱም ተናገረ፤ እኔ ላይ ግን እንደ ከሳሽ ቆመ።

6. ይህን ቃል እንዲህ ማበላሸት የጀመርኩት በእርስዎ ቢሮ አይደለም። አሠሪዬ ማዳም ኢብቲሳም መምህርት ናቸው። የተቀበሉኝ ዕለት ሳሎን አስቀምጠው «በሽታ ማፊ?» ብለው ጠየቁኝ፤ በሽታ የለብሽም አይደል ማለታቸው ነው። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ፊታቸው በራና ያን ጊዜ ሁለት ዓመት የሞላትን ልጃቸውን ኢስራን አስታቀፉኝ። ኪኒኔን በካልሲ ጠቅልዬ በሻንጣዬ ሥር ደብቄ፣ ጠዋትና ማታ በር ዘግቼ እውጥ ነበር። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ያቀብለኛል። አንድ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ሲጋመስ ምንም አልሆንኩም፤ ደህና መሆኔን ራሴም ማመን ጀምሬ ነበር።

ባለፈው ረመዳን ግን ወደቅሁ። ረመዳን ሲገባ በሰው ቤት የምትሠራ ሴት እንቅልፍ የላትም። ከማፍጠሪያ በኋላ እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳው ሲሄድ ዕቃ አለ፤ ዕቃው ሲያልቅ ከንጋት በፊት የሚበላው የሱሁር ሰዓት ይደርሳል። ሐኪሙ በኋላ እንደነገረኝ ለዚህ በሽታ እንቅልፍ የመድኃኒቱ ግማሽ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል ምድጃው ላይ ዘይት ጥጄ ሳምቡሳ እየጠበስኩ ሳለሁ ጣለኝ። ኢስራ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ማዳም የልጃቸውን ጩኸት ሰምተው ሮጠው ገብተው እሳቱን አጠፉ። አላህ ጠብቆን ዘይቱ ማንንም አልነካም።

ስነቃ ማዳም አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። እኔም መጀመሪያ የተናገርኩት ያንኑ የፈረደበትን «አልሐምዱሊላህ» ነው። እሳቸው «ሌሽ ማ ጉልቲ?» አሉኝ፤ ለምን አልነገርሽኝም ማለታቸው ነው። በገዛ መኪናቸው ሆስፒታል ወሰዱኝ፣ ማፍጠሪያቸውንም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው በውኃና በተምር አደረጉ። ከዚያን ቀን ወዲህ «ኻላስ ቶይባ፣ እሳት ማፊ» ብለው፣ በቃ ከእንግዲህ እሳት የለም ሲሉ፣ ከምድጃ አራቁኝ። የመታጠቢያ ቤቱን በር ከውስጥ እንዳልቆልፍ ቁልፉን ነቅለው ወሰዱ። ኢስራንም ከእኔ ጋር ብቻዋን ትተዋት አይወጡም። በዚህ አላዝንባቸውም፤ እናት ናቸው። ቢያባርሩኝ ኖሮ የሆነ ነገር ከጫንቃዬ ይወርድልኝ ነበር። አላባረሩኝም።

ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ የኢስራ ጨዋታ ነው። ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ትተኛለች፣ እጅና እግሯን ታንቀጠቅጣለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ብድግ ትልና በእኔ ድምፅ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። የመጀመሪያ ቀን ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ። በኋላ ማዳም ከለከሏት፣ አሁን ተደብቃ ነው የምትጫወተው። ቃሉን ለዚያች ልጅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከምስጋና ጋር ሳይሆን ከመውደቅ ጋር አስተሳስሬ አስተማርኳት።

ማዳም ኢብቲሳም ውሌን ላድስ ወይስ ልሂድ ቁርጡን እንድነግራቸው እየጠበቁ ነው። «ያላ ቶይባ፣ ንገሪኝ፣ ሌላ ሰው ማምጣት አለብኝ» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ጽሕፈት ቤትዎ እገዳውን ካላነሣልኝ ውሌን አድሼ፣ እሳት የማትነካ፣ ልጅ የማትይዝ፣ ዕቃ ብቻ የምታጥብ ሠራተኛ ሆኜ እቀራለሁ። ሰው ቤት መሥራት ነውር ሆኖ አይደለም። የጀመርኩትን ሳልጨርስ ዕድሜዬ ማለቁ ነው የሚያስፈራኝ። ከዚህ መስከረም በኋላ መመሪያው ራሱ በሩን ይዘጋብኛል።

7. «ድናለች» የሚለውን ማስረጃ በሚመለከት፦ ይህ ሕመም እንዲህ ያለ ወረቀት አይገኝለትም። የሚያዝ በሽታ ነው። ኪኒኔን ሳላቋርጥ ከዋጥሁና በቂ እንቅልፍ ካገኘሁ እንደማንኛውም ሰው እማራለሁ፣ እሠራለሁ። ካልዋጥሁ ይጥለኛል። ሐኪሙ የጻፈውም ይህንኑ ነው። የዕድሜ ልክ ሕመም ይዞ «ድናለች» የሚል ወረቀት ይዞልዎ የሚመጣ ሰው ካለ፣ መጠርጠር ያለበት እሱ ይመስለኛል። ውብነሽ ለመቀለድ «የጎደለሽ ‹ድናለች› የሚል ወረቀት ብቻ ከሆነ እኔው እጽፍልሻለሁ፤ የእጅ ጽሕፈቴ እንደሆነ እንደ ሐኪም አይነበብም» ብላኛለች። ሳቅንና ተውነው። ሌሊት ግን አስቤበት እንደነበር አልደብቅዎትም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እውነት ነው፣ በራሴ አይቼዋለሁ። ነገር ግን በሽታውን የተናገረ ደግሞ ትምህርት የለውም ከተባለ፣ ሰው ሁሉ ወደ መደበቁ ይመለሳል። ይህን የምለው በድፍረት አይደለም። እንደ እኔ ኪኒኑን በካልሲ ጠቅልሎ ግቢዎ ውስጥ የሚኖር ተማሪ ዛሬም እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

8. በውሳኔው ውስጥ ስላልተጠቀሰ አንድ ነገር ልናገር። ያን ቀን በቤተ ሙከራ ስወድቅ አጠገቤ የነበረችው አብራኝ ሙከራውን የምትሠራ የክፍል ጓደኛዬ ሊድያ ናት። ራሴ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እንዳይጋጭ ክንዷን ስትዘረጋ፣ እሳት ላይ የነበረው ብርጭቆ ተገልብጦ የፈላው ውኃ ግራ ክንዷ ላይ ፈሰሰ። እኔ ስነቃ ጭረት የለብኝም፤ እሷ ክንዷን ቧንቧ ሥር ይዛ ታለቅስ ነበር። ያን ጊዜ በሽታው እንዳለብኝ አላውቅም ነበርና ጥፋተኛ አይደለሽም የሚሉኝ አሉ። ልክ ይሆናሉ። ሆኖም ከግቢ ስወጣ ሊድያን ሳልሰናበት ነው የወጣሁት፤ ክንዷን ማየት ስላልቻልኩ ነው። እሷ ተመርቃ አሁን መምህርት ሆናለች። ለዚህ ማመልከቻ ብዬ ዘንድሮ ፈልጌ ሳገኛት በድምፅ መልእክት «ክንዴ ድኗል እኮ ቶይባ፣ ጠባሳው ብቻ ነው» አለችኝ። መልእክቱን ደጋግሜ ሰማሁት። የእሷ «ድኗል» እንደ እኔ «አልሐምዱሊላህ» ይሆን እንዴ እያልኩ እስካሁን እጠራጠራለሁ። ሰው ሁሉ እንደ ራሴ እየመሰለኝ ተቸግሬያለሁ።

ስለዚህ ትምህርት ክፍሉ እኔን እሳት አጠገብ ለማቆም ቢፈራ አልቃወምም። እኔም እፈራለሁ።

9. ከላይ በዘረዘርኩት መሠረት ጽሕፈት ቤትዎን በታላቅ አክብሮት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ. የመጀመሪያው «አልሐምዱሊላህ» ከመዝገቡ እንዲሰረዝልኝ፣ ሁለተኛው ግን በጥፋትነት እንዲመዘገብብኝ፤ ለእሱ የሚገባውን ማስጠንቀቂያ ወይም ቅጣት ተቀብዬ እገዳው እንዲነሣልኝ።

ለ. «ድናለች» በሚለው ፈንታ ከሙስካት የላክሁት፣ በሕክምና ክትትል ላይ መሆኔን የሚገልጸው ማስረጃ እንዲበቃ፤ ከተመለስኩም በኋላ በየወሩ ለተማሪዎች ክሊኒክ ቀርቤ እንድታይ።

ሐ. በኬሚስትሪ የምቀጥል ከሆነ እሳት ያለበትን ሙከራ ከመምህር ጋር ብቻ እንድሠራ። ይህ ካልተመቸ ወደ ስታትስቲክስ እንድዛወር። ኬሚስትሪን እወደዋለሁ፤ በቁጥር ግን የሚቃጠል ሰው የለም።

መ. ከተደራራቢው አልጋ የታችኛው እንዲሰጠኝ። አብረውኝ ለሚያድሩ ተማሪዎችም ገና በገባሁበት ዕለት ስለ ሕመሜ እኔው በአፌ እንድነግራቸው ፕሮክተሯ ሰብስባ እንድታገናኘኝ። ሲጥለኝ ክብሪት ጭረው እንዳያሸቱኝ፣ አፌ ውስጥም ማንኪያ እንዳይከቱ፣ በጎኔ አስተኝተው እስክነቃ ብቻ እንዲጠብቁኝ እነግራቸዋለሁ። ማንም እንደ ሊድያ ክንዱን እንዳይዘረጋልኝ አስቀድሜ ልናገር እፈልጋለሁ።

10. በመጨረሻ ስለ እናቴ። በተጠሪነት የተመዘገቡት ወላጅ እናቴ ወ/ሮ ሙሐባ ናቸው። ወደ ዑማን ልሂድ ባልኩ ጊዜ «ሳትድኚ የትም አለቅሽም» ብለውኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አጠገባቸው አስቀምጠው «እንዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። እንደ ልማዳቸው ቆይተው «እህ፣ በእውነት ድነሻል?» አሉኝ። ሁለተኛውንም «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ተበላሽቶ የወጣ የመጀመሪያው ሁለተኛ መልሴ ያ ነው፤ የማዳም ኢብቲሳምም የአቶ ፍሬውም ከዚያ የተወለዱ ናቸው። እናቴ ያን ሳምንት በግ አርደው፣ ጎረቤት ጠርተው ሰደቃ አበሉ። ዱዓ ተደረገ። «ልጄ ድናለች» ብለው በሰው ፊት ተናገሩ፤ እኔ ሥጋውን ለሽማግሌዎቹ አቀርብ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ዘንድሮ ታናሽ እህቴን ለጋብቻ የጠየቁ ሰዎች «ያ በሽታ በዘራችሁ አለ ወይ?» ሲሉ እናቴ «አላፊ ነገር ነበር፤ እሷም ድና ዐረብ አገር ትሠራለች» ብለው መለሱ። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። እናቴ አልዋሹም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ የመሰከሩት እሳቸው ናቸው። እውነቱ ቢወጣ እህቴ ምን እንደምትሆን አላውቅም። ጽሕፈት ቤትዎ ለእናቴ እደውላለሁ ሲል ያስፈራኝ ይህ ነው።

ከባዕድ አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙ ብዬ ዛሬ ጠዋት ይህን ከመጻፌ በፊት ደወልኩላቸው። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህቴ ልብስ፣ ስለ ጎረቤቱ ሁሉ ነገሩኝ። ከዚያ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አሉኝ። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። «እህ፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ።

«አልዳንኩም እማ» አልኳቸው። «ኪኒኑ ይዞልኝ ነው እንጂ አልዳንኩም። ዕድሜ ልኬን የምውጠው ነው። በረመዳንም ወድቄያለሁ። ያን ቀን ስትጠይቂኝም አልዳንኩም ነበር።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ እማ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

አቶ ፍሬው ያን ጊዜ በመስመሩ ላይ ቢኖሩ «እናቲቱ ዜናውን በምስጋና ተቀብለዋል» ብለው ይመዘግቡ ነበር፤ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። አባቴ የተቀበረ ቀን ሰዎች «አላህ ያጽናሽ» ሲሏቸው የመለሱት በዚሁ ድምፅ ነው። «እህ፣ እማ?» ብዬ ሁለተኛ መጠየቅ ነበረብኝ። መልሱን ፈራሁና በሌላ ቀን እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። እሳቸው እኔን ሁልጊዜ ሁለተኛ እየጠየቁኝ ኖረው፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ ሁለተኛ ልጠይቃቸው አልደፈርኩም።

ስለዚህ በውሳኔው መሠረት ቢደወልላቸው አልቃወምም። እንዲያውም እንዲደወልላቸው እለምናለሁ። «ልጅዎ ድናለች ወይ?» ተብለው ግን አይጠየቁ፤ እሱን እኔ መልሻለሁ፣ አልዳንኩም። ይልቅስ «ልጅዎ ሕመሟን ይዛ ብትማር ይወዳሉ ወይ?» ተብለው ይጠየቁልኝ። መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። አቶ ፍሬው ያን ጊዜ ምንም እንዳይጽፉ፣ ትንሽ እንዲጠብቁና ሁለተኛ እንዲጠይቋቸው ይንገሩልኝ። እናቴ ሁለተኛውን አይዋሹም።

ከአክብሮትና ከይቅርታ ሰላምታ ጋር

ቶይባ አደም
(ፊርማ)